ከአዳማ ተነስቶ ጭላሎን መውጣት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ስለ ተራራ ጉዞ ወሬ ከተነሳ ብዙም ሳይቆይ ጭላሎ ይጠራል። ቅርብ ነው፣ ስሙ ትልቅ ነው፣ አሰላ የሄደ ሁሉ ከርቀት አይቶታል። ወጥቼዋለሁ የሚል ሰው ግን ብዙ አታገኙም። ለመሞከር ያሰቡ ሰዎች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ ሰው የሚቸገርበት እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

ጭላሎ የት ነው? ከፍታውስ ስንት ነው?

አርሲ ውስጥ ከአሰላ በስተምሥራቅ ነው። ከአሰላ ከተማ እስከ ጫፉ በቀጥታ መስመር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በእግር ደግሞ ቀጥታ መስመር የሚባል ነገር የለም። ከፍታውን አብዛኞቹ ምንጮች 4,036 ሜትር ይሉታል፣ 4,005 የሚሉም አሉ። እግራችሁ ልዩነቱን አይለየውም።

ጭላሎ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ እንደ ሾጣጣ ተራራ አንድ ነጥብ አይደለም። ሰፊ የሰመጠ ጉድጓድ አለው፣ ዙሪያውን ደግሞ ከፍና ዝቅ የሚል ዳር ከቦታል። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ጭጋግ ስናወራ እንመለስበታለን።

ከአርሲ ተራሮች ረጅሙ ጭላሎ አይደለም። ባዳና ካካ ይበልጡታል። ባሌ ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው፤ ግን እሱ ላይ በመኪና እስከ ጫፉ ይወጣል። ላብ የሚፈልግ ሰው ጭላሎን ይምረጥ።

ሌሊት ከአዳማ ወጥተን፣ ጫፍ ደርሰን፣ ማታ ቤታችን ማደር እንችላለን?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱ አይሆንም ነው። አንዳንድ ጠንካራ የአሰላ ልጅ በአንድ ቀን ደርሶ ሊመለስ ይችላል። እሱ ግን ተወልዶ ያደገው 2,430 ሜትር ላይ ነው። የአዳማ ሰው የሚተኛው 1,600 እና 1,700 ሜትር መካከል ነው። ከአልጋው ተነስቶ በአንድ ቀን ከ2,300 ሜትር በላይ ሽቅብ መሄድ ለሳንባም ለጭንቅላትም ከባድ ነው። ጫፍ ሳይደርሱ የሚመለሱ የአዳማ ቡድኖች ብዙ ጊዜ እግራቸው አይደለም የሚከዳቸው። ችኮላ ነው የሚጥላቸው።

እኛ የምንመክረው አካሄድ እንዲህ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአዳማ ተነሱና አሰላ እደሩ። ቅዳሜ ጠዋት መኪና እስከሚገባበት መንደር ሂዱ። ከዚያ በእግር ቀስ ብላችሁ ወጥታችሁ 3,000 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ድንኳን ትከሉ። እሁድ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሱ፣ ጫፍ ድረሱ፣ ውረዱ። እሁድ ከመሸባችሁ እንደገና አሰላ እደሩ። ለሰኞ ጠዋት ከአለቃ ፈቃድ ቀድሞ መያዝ አይከፋም።

ድንኳኑን ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎ መትከል ያጓጓል፤ የጠዋቱ መንገድ ስለሚያጥር። ግን አታድርጉት። የሕክምናው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ የመኝታን ከፍታ ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ነው። ቀን ከፍ ብሎ መውጣት ይቻላል፣ ዋናው የምትተኙበት ቦታ ነው።

ከአዳማ አሰላ በምን እንሂድ?

ሚኒባስ ከመናኸሪያ ቀኑን ሙሉ አለ። መንገዱ አስፋልት ሲሆን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መልካሳ፣ ዴራ፣ ኢተያ፣ ጎንዴ እያለ ቀስ በቀስ ይወጣል። ኢተያን ስታልፉ አየሩ ሲቀየር ይታወቃችኋል። መስኮት የሚዘጋ ሰው መብዛት ይጀምራል።

ከአሰላ ወደ ተራራው ሥር ደግሞ ባጃጅ፣ ሞተር ወይም የኮንትራት መኪና ትይዛላችሁ። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ለባጃጅ አይመችም። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ፣ ለመመለሻውም ተነጋገሩ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚባል አለ፤ የጭላሎና የጋለማ ሰንሰለትም በውስጡ ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ከመውጣት በፊት አሰላ ላይ የሚመለከታቸውን የፓርክና የቱሪዝም ሰዎች አነጋግሩ። መታወቂያ ያዙ። ብዙ ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከማኅበር የተጻፈ ደብዳቤ ነገር ያቀላል። የአካባቢው ጸጥታ እንዴት እንደሆነም እዚያው ጠይቁ። ይህን ጥያቄ አዳማ ካፌ ውስጥ ሆኖ መመለስ አይቻልም። ቅዳሜ ቢሮው በር ላይ ደርሳችሁ ዝግ መሆኑን እንዳታውቁት፣ በሥራ ቀን ቀድማችሁ ደውሉ።

መሪ ሳንይዝ በስልክ ካርታ ብቻ ብንሄድስ?

መሪ ያዙ። ለገንዘቡ አትሳሱ።

የታችኛው ክፍል የገብስና የስንዴ ማሳ ነው። የከብት መንገድ በየአቅጣጫው ይሰነጠቃል። የትኛው እንደሚያወጣ የሚያውቀው እዚያ የሚኖር ሰው ነው። ከማሳው በላይ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ይጀምራል። አስታ ሲጠጋጋ ሰው ያስቆማል፣ ልብስ ይይዛል፣ መንገድ ይሰውራል። ያንን አልፋችሁ ሜዳው ሲገለጥ «ተገላገልን» ትላላችሁ። ያኔ ነው ጭጋጉ የሚመጣው።

ቅድም ያልነው ጉድጓድ እዚህ ላይ ነው የሚጎዳው። ዳሩ ላይ ቆማችሁ ጭጋግ ከወረደ በሁሉም አቅጣጫ የሚታየው ሣርና ድንጋይ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ታያላችሁ፣ ጫፉ ነው ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከጀርባው ሌላ ከፍታ ይጠብቃችኋል። የባሰው ግን መውረዱ ነው። በተሳሳተው ጎን ከወረዳችሁ ከአሰላ እየራቃችሁ ወደ ጋለማ ትሄዳላችሁ። መሸት ሲል ደግሞ ብርዱ አለ።

ካርታውን ግን አትተዉት። ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ካርታ አዳማ እያላችሁ አውርዱ። ስትወጡ የሄዳችሁበትን መስመር እየመዘገበ ይሂድ። ብርድ የስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ከሰውነታችሁ ጋር ያዙ፣ ሌሊት መኝታችሁ ውስጥ ክተቱ። ኔትወርክ አንዳንድ ቦታ ይመጣል፣ አንዳንድ ቦታ ይጠፋል። በእሱ ላይ ተማምናችሁ እቅድ አታውጡ። አሰላ ላለ ሰው መቼ እንደምትመለሱ ነግራችሁ ውጡ።

ከመሪ ሌላ ፈረስ ወይም በቅሎ ከነባለቤቱ መከራየት ይቻላል። አርሲ ፈረስ አይጠፋም። ድንኳንና ውኃ ከትከሻችሁ ሲወርድ ጉዞው ሌላ ይሆናል። እንስሳውን ግን ከአቅሙ በላይ አትጫኑት፤ ባለቤቱ ቢስማማም።

የከፍታ ሕመም እውነት ነው ወይስ ማስፈራሪያ?

እውነት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም አብሮ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ አዳማ ላይ 82 በመቶ ገደማ ታገኛላችሁ። ጭላሎ ጫፍ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል።

ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በራስ ምታት ነው። ቀጥሎ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ መደንዘዝ፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል። ጉልበተኛ መሆን አያድንም። እንዲያውም ኳስ ተጫዋቹና ጂም ሠሪው ፊት ፊት ስለሚሮጡ ቶሎ ሲታመሙ ይታያል። ከዓመት በፊት ሌላ ተራራ ወጥቶ ምንም ያልሆነም ዘንድሮ ሊታመም ይችላል።

ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ቁሙ፣ ጠጡ፣ እረፉ። ካልተሻለ ከፍ አትበሉ። ከባሰ ውረዱ። ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ደግሞ ወሬ የለም፣ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው፦ ሰውየው እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል፤ ንግግሩ ይዘባረቃል፤ ቁጭ ብሎ እያረፈም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሲያስል ሮዝ አረፋ ይወጣዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንጎል ሲያብጥ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ሳንባ ውኃ ሲይዝ የሚመጡ ናቸው። ሁለቱም ይገድላሉ። መድኃኒታቸው መጀመሪያ ዝቅ ማለት ነው። ታማሚው ብቻውን አይወርድም፣ ብቻውንም አይተውም።

ዲያሞክስ ስለሚባለው ኪኒን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ሕመሙን አስቀድሞ ለመከላከል ይረዳል። ነገር ግን ለሁሉም አይሆንም። ሰልፋ ያለባቸው መድኃኒቶች የማይስማሙት ሰው፣ የኩላሊት ችግር ያለበትና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። ከጓደኛ ኪስ የሚወጣ ኪኒን አይደለም። ቀስ ብሎ መውጣትን ደግሞ አይተካም።

ለማሞቂያ ተብሎ አረቄ ይዞ የሚወጣ አለ። አልኮል እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ያዘገያል፣ ሰውነትንም ያደርቃል። አረቄው አሰላ ይጠብቃችሁ።

ምን ያህል ጊዜ መለማመድ አለብን?

ምንም እንቅስቃሴ የማያደርግ ሰው ሁለት ወር ያህል ቢሰጠው ጥሩ ነው። አዳማ ለዚህ አትከፋም። የንፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ የተተከሉበት ኮረብታ አካባቢ በጠዋት መውጣት መውረድ ይቻላል። ቦርሳ ውስጥ ውኃ ጨምራችሁ ውጡ፤ ባዶ ትከሻ ተራራ ላይ አይጠቅምም። ኮረብታው ከራቃችሁ የፎቅ ደረጃም ይሆናል።

መለኪያ ከፈለጋችሁ ዝቋላን ሞክሩ። 2,989 ሜትር ነው። ዝቋላን ወጥታችሁ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ካልቻላችሁ፣ ጭላሎን ለጊዜው አቆዩት።

ተራራው ላይ ጤነኛ ሰው በሰዓት 300 ሜትር ከፍታ ቢጨምር ጥሩ እየሄደ ነው። እየሄዳችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ገብሱ በአጨዳ ላይ ይሆናል። ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ የበልግ ዝናብ አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም አይመከርም፤ ጭቃ፣ በረዶ፣ ነጎድጓድ። መብረቅ በተራራ ዳር ላይ ቀልድ አይደለም። ከያዛችሁ ከዳሩ ውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፣ ተበታትናችሁ ሁኑ።

በደረቁ ወቅትም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ደመና መሰብሰቡ የተለመደ ነው። ስለዚህ ቀትር ላይ፣ 6 ሰዓት ሲሆን፣ የትም ብትሆኑ ፊታችሁን ወደ ታች አዙሩ። ጫፉ ፊት ለፊታችሁ ቢታይም። ይህን ሰዓት አሰላ እያላችሁ ተስማሙበት። ላይ ሆናችሁ ከተከራከራችሁ ሁልጊዜ ጫፍ ፈላጊው ያሸንፋል።

ምን እንልበስ? ጋቢ አይበቃም?

ጋቢ ለድንኳን ውስጥ ግሩም ነው። ለመንገድ ግን አይሆንም። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ከብዶ ይቀዘቅዛል፣ አይደርቅም። ጂንስም ያው ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዳማ 28 ከሆነ ጫፉ 13 ወይም 14 ይሆናል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ከውስጥ ላብ የሚያደርቅ ስስ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ዝናብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ትርፍ ካልሲ። ጥሩ ጃኬትና ቦት ሰልባጅ ተራ በርካሽ ይገኛል፣ ብቻ ዚፑንና ሶሉን ፈትሹ። የቆየ ሶል ሙጫው ደርቆ ተራራ መሀል ይላቀቃል። አዲስ ጫማ ደግሞ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት አዳማ ውስጥ ሂዱበት። ተረከዝ መላጥ የሚጀምረው ገና ጠዋት ነው፣ ቀኑን ሙሉም አይለቅም።

የፀሐይ ቅባትና መነጽር የሴት ዕቃ የሚመስለው ወንድ አይጠፋም። ከፍታ ላይ ብርዱ ስላለ ፀሐዩ አይታወቅም። ማታ አፍንጫው ሲላጥ ይታወቀዋል።

የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካና ዱላ አትርሱ። ዱላውን ከአዳማ መሸከም የለባችሁም፣ እዚያው ይገኛል።

ምግብስ?

እዚህ ላይ አርሲ አገሩ ነው። ጭኮ ያዙ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤና በቅመም የታሸ ነው። እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም፣ ትንሹ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ውጭ አገር በውድ ከሚሸጡት የተራራ ምግቦች የሚያንስበት ነገር አይታየኝም። በጾም ወቅት ከሆነ በሶ በስኳር ወይም በማር በጥብጡ፤ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ቴምር፣ ዳቦ ቆሎ ጨምሩ።

ምስርና ባቄላ ለመቀቀል አትድከሙ። ድንኳናችሁ ያለበት ከፍታ ላይ ውኃ 90 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ድስቱ ይንተከተካል፣ ምስሩ ግን ቶሎ አይበስልም። ምስር ያማራችሁ አዳማ አብስላችሁ ይዛችሁ ኑ። ለትኩስ ነገር ሻይ፣ አጥሚትና ኢንዶሚ ይበቃሉ።

ረመዳን ላይ የሚጾም ሰው ጉዞውን ቢያስተላልፍ ይሻላል። ከፍታ ላይ ሳይጠጡ መዋል አደገኛ ነው።

ውኃ እዚያ ይገኛል?

ከጭላሎ የሚወርዱ ጅረቶች አሉ፤ ከፊሎቹ ከታር በሚባለው ወንዝ ገብተው ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳሉ። ጥርት ያለ ቢመስልም ከላዩ ከብት ይግጣል። አፍሉት ወይም ውኃ አጋር ጨምሩበትና እንደ መመሪያው ጊዜ ስጡት። በበጋ መጨረሻ ጅረቱ ሊደርቅ ስለሚችል መሪያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በቀን ለአንድ ሰው 3 ሊትር አስቡ።

ውሾቹስ?

ብዙ ሰው የሚፈራው ጅብ ነው። የሚያጋጥማችሁ ግን የእረኛ ውሻ ነው። አትሩጡ። ቁሙ፣ ዱላችሁን ወደ ፊት አድርጉ፣ ድንጋይ የምታነሱ መስላችሁ ጎንበስ በሉ። አብዛኛው ይመለሳል። ባለቤቱን ጥሩት።

ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ጉዞውን አቋርጡ፣ ለክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም። የራሳችሁን ውሻ ደግሞ ይዛችሁ አትምጡ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው፤ ከሚጨርሱት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው።

ቀይ ቀበሮ እናያለን?

ላታዩ ትችላላችሁ። በአርሲ ተራሮች አለ፣ ግን ጥቂት ነው፤ እንደ ባሌው ሳነቴ ሜዳ በቀላሉ አይገኝም። የደጋ አጋዘንም አለ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ሳይንስ የመዘገበውም እ.አ.አ. በ1910 ነው፣ ለትልቅ እንስሳ በጣም ዘግይቶ። ጠዋት ማልዶ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ ቡድን ያያል። ስፒከር ይዞ የሚወጣ ቡድን ሙዚቃ ይሰማል።

እርግጠኛ የምሆንላችሁ ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ነው። ከሜዳው ላይ እንደ ምሰሶ ተተክሎ ታገኙታላችሁ። አትቁረጡት፣ ለፎቶ አትደገፉት። አስታው አካባቢም እሳት አታንድዱ። እርጥብ ሆኖም ይነዳል፣ ከተያያዘ አይቆምም። ለማብሰያ ቡታጋዝ ያዙ።

ከአካባቢው ሰው ጋር እንዴት እንሁን?

ሰላምታ አታሳጥሩ። ቁሙ፣ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ተጠያየቁ። ትልቅ ሰው ከሆኑ «ኦቦ»፣ እናት ከሆኑ «አዴ» ብላችሁ ጀምሩ። ብዙው ሰው ሙስሊም ስለሆነ «አሰላሙ አለይኩም» የትም ያስገባችኋል። ማሳ አትርገጡ፣ ግቢ አጠገብ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት አስፈቅዱ። ወተት ከሰጧችሁ ጠጡ፤ የተፈላ መሆኑን በትህትና መጠየቅ ነውር አይደለም።

መውረዱ ቀላል ነው አይደል?

ለሳንባ አዎ። ለጉልበት አይደለም። ብዙው መውደቅና የቁርጭምጭሚት መዞር የሚደርሰው ሲወርዱ ነው፤ ሰው ደክሞታል፣ ሐሳቡም አሰላ ምግብ ቤት ገብቷል። የጫማችሁን ማሰሪያ ከላይ አጥብቁ፣ ጣቶቻችሁ ከፊት እንዳይመቱ። እርምጃ አሳጥሩ፣ ዱላውን ቀድማችሁ ትከሉ። ከፊት የሚሄደው ሰው ከኋላ ያለውን እያየ ይሂድ።

አሰላ ስትደርሱ ከመሸ ወደ አዳማ የሚሄድ መኪና ፍለጋ አትንከራተቱ። በራሳችሁ መኪና ከመጣችሁም ሌሊት 10 ሰዓት የተነሳ ሹፌር ያንን ቁልቁለት ማታ አይንዳ። አልጋ ያዙና ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ውረዱ።